የኩፋው ቃዲ ፍርድና የዘመናችን ተመራማሪ አማና

በሁለተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ በኩፋ ከተማ ሁለት ሰዎች ቃዲ ሐፍስ ኢብኑ ጊያስ ዘንድ ለፍርድ ቀረቡ። ከሳሹ ከሸይኽ ያደመጠው ሐዲስ በተከሳሹ ኪታብ ውስጥ ተመዝግቦ ሳለ እንደተከለከለ ተናገረ። በዚያ ዘመን ያደመጠውን በጽሑፍ ያላገኘ ደረሳ ለሌላው ለማስተላለፍ ይቸገር ስለነበር፣ ክርክሩ ስለ አንድ ኪታብ ብቻ አልነበረም፤ የዕውቀት ሰንሰለት እንዳይቆረጥ ጭምር እንጂ።

ቃዲው ኪታቦቹ እንዲቀርቡ አዘዙ። የከሳሹ ማድመጥ በባለቤቱ እጅ ከተጻፈ ባለቤቱ የማዋስ ግዴታ አለበት፤ በከሳሹ በራሱ እጅ ከተጻፈ ግን አይገደድም ሲሉ ፈረዱ። ኋላ የመጡ ዑለማእ የባለቤቱ የእጅ ጽሑፍ ለፈቃዱ ምስክር መሆኑን በመግለጽ ፍርዱን አወደሱ።

በደማስቆ ዳሩል ሐዲስ አል-አሽረፊያ ያስተምሩ የነበሩትና በ643 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ሰላሕ ይህን ታሪክ በሙቀዲማቸው ሲያሰፍሩ የተዋሹንም ግዴታ አልዘነጉም፦ ኪታቡን ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አያቆይ፤ የማድመጥ መዝገቡንም ቅጂውን ከዋናው ጋር በሚገባ ሳያመሳክር ወደ ራሱ ቅጂ አያሸጋግር።

ይህ ፍርድ ዛሬ ለእኛ ቅርብ ነው። በወሎ ሐሪማዎችና በሐረር ቤቶች በዐረብኛና በዐጀም የተጻፉ ኪታቦች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። ተመራማሪ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሲሄድ ኪታቡ በቤቱ ይቀራል፤ ምስሉን ማን እንደሚያየው የሚወስነው ግን ተመራማሪው ይሆናል። እንግዲህ በኩፋው ሚዛን ስንመዝነው፣ የቤተሰቡን ስምና ፈቃድ በገዛ እጁ የመዘገበ ተመራማሪ ምስሉን ለቤተሰቡ የመመለስና ለሌሎች መምህራን የማካፈል ዕዳ አለበት እንላለን። በኅዳጉ ላይ የተጻፈ የቤተሰብ ገመና፣ የዕዳም ሆነ የጠብ ጉዳይ፣ ያለ ፈቃድ አይገለጥም፤ ያልተመሳከረ ንባብም እንደተረጋገጠ ተደርጎ አይሠራጭ።

ወቀሳው እኛንም ይነካል፤ ለኅትመት እስኪደርስ በሚል ሰበብ የሰበሰብነውን በመሳቢያ ያቆየንበት ጊዜ አለና። ስለዚህ ኢማሞችንና መምህራንን የምንጠይቀው ይህንን ነው፦ ኪታብ ለማንሣት ለሚመጣ ሰው በር አትዝጉ፤ ነገር ግን ፈቃዱን፣ ገደቡንና የሚመለስላችሁን ቅጂ በጽሑፍ አስፍሩ፤ እርሱም በገዛ እጁ ይፈርም።