ለሹም መጸለይ ሌላ፣ ለሹም ማደር ሌላ

በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በእስክንድርያው ፓትርያርክ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤል፣ አቡነ ይስሐቅና አቡነ አብርሃም። ለዘመናት ከግብፅ በሚመጣ ጳጳስ ስትመራ ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ቀን ነበር። አራቱም የሚቀድሱት ቅዳሴ አንድ ነው። ለንጉሡና ለአገሩ የሚጸልዩትም በአንድ ቃል ነው።

ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ከጳጳሳቱ የፈለገው ግልጽ ነበር፤ ሕዝቡ እንዲገዛ ይስበኩ፣ አርበኞቹን ያውግዙ። አቡነ ጴጥሮስ እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተረሸኑ። ከወራት በኋላ አቡነ ሚካኤል ጎሬ ላይ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን ለአዲሱ ገዢ አደሩ። በ1930 ዓ.ም. ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ነጥሎ ሊቀ ጳጳስ አደረጋቸው፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው።

አንድ ቀን የተሾሙ፣ አንድ መጽሐፍ የሚያነብቡ፣ አንድ ጸሎት የሚጸልዩ አባቶች መንገዳቸው እንዴት እንዲህ ተለያየ? ጥያቄው የእነሱ ብቻ አይደለም። ምርጫ በመጣ ቁጥር በየአጥቢያው ይነሳል፤ «ለመሪ ጸልዩ» የሚለው ትእዛዝ «መሪውን ምረጡ» ማለት ነው ወይ?

ከትእዛዙ ምንጭ እንነሳ። ነቢዩ ኤርምያስ ለምርኮኞች ደብዳቤ ሲልክ ለከተማዋ ሰላም እንዲጸልዩ ያዘዛቸው ስለ ኢየሩሳሌም አልነበረም፤ ከአገራቸው ማርካ ስለወሰደቻቸው ስለ ባቢሎን ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ለነገሥታትና ለሹማምንት ሁሉ ጸልዩ ብሎ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ በትውፊቱ መሠረት በሮም ዙፋን ላይ የተቀመጠው ኔሮን ነው። ጸሎቱ መሪው ጥሩ ስለሆነ የሚሰጥ ሽልማት አልነበረም።

ከ130 ዓመት ገደማ በኋላ በሰሜን አፍሪካ፣ በካርታጎ የነበረው ጠርጡሊያኖስ ይህንኑ ለሮም ሹማምንት አስረዳ። ክርስቲያኖች ለቄሣር ዕድሜ፣ ለመንግሥቱ ጸጥታ፣ ለሠራዊቱ ብርታት ይጸልያሉ፤ ቄሣርን አምላክ ብሎ መጥራት ግን አይሆንላቸውም አለ። መጸለያቸው ታማኝነታቸውን ያሳያል፤ እምቢታቸው ደግሞ ህሊናቸውን። ሁለቱ ባንድ ሰው ውስጥ አብረው ኖሩ።

በኢትዮጵያ ይህ ድንበር ብዙ ጊዜ ተደበላልቋል። ንጉሡን የሚቀባው ጳጳሱ ነበር፤ ጳጳሱን የሚያስመጣው ንጉሡ ነበር። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ንጉሥ ሲወርድም ያው እጅ ያስፈልግ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሲሽሩ፣ ሕዝቡን ከመሐላው የፈቱት አቡነ ማቴዎስ ነበሩ። ያን ቀን ተራው ገበሬ ህሊናው ምን እንደሚል የጠየቀው አልነበረም። መሐላው የታሰረውም የተፈታውም ከላይ ነው።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንግዳ ነገር ይዞ መጣ። በአንድ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ በዘራቸውና በተቀቡት ቅባት የተነሳ ክብራቸው የማይደፈር ነው ይላል። በሌላ በኩል ያው ሕግ ወንዱም ሴቱም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። ከዚያም የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ። ፓርቲ የለም፤ ምክር ቤቱም ንጉሡን የሚያዝዝበት አቅም የለውም። ቢሆንም የገዢ መነሻ ቅባት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ከታች የሚወጣ ድምፅም ተጨመረበት።

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወደቀ። የንጉሡ ስም ከጸሎቱ ወጣ፤ ስለ አገርና ስለ መሪዎቿ መጸለዩ ግን አልቀረም። ደርግ የሚፈልገው ግን ጸሎት ሳይሆን ታዛዥነት ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ ከተከሰሱበት አንዱ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት መሾማቸው ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ወር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ ምእመኑን ትቼ አልሄድም አሉ። የሁለት ቤተ እምነት አባቶች፣ አንድ ወር፣ አንድ ጥፋት፤ ከመንግሥት በላይ የሚሰሙት ድምፅ ነበራቸው።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፣ አንቀጽ 27 የህሊና ነፃነትን ያረጋግጣል፣ አንቀጽ 38 ደግሞ ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ ያዛል። መራጩ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ይዞ ወደ ምስጢር ክፍሉ ሲገባ ካድሬው፣ ሰባኪው፣ ቤተሰቡም ውጭ ይቀራሉ። ምልክቱን አድርጎ እስኪወጣ ድረስ ከእግዚአብሔርና ከህሊናው በቀር አብሮት ማንም የለም።

ችግሩ ያን ክፍል ከመድረክ ሆኖ ለመግባት የሚሞክር ሲኖር ነው። አንዱ «ሿሚም ሻሪም እግዚአብሔር ነው፤ ስለዚህ የተሾመውን አትንኩ» ይላል። ሌላው «የኛን እምነት ልጅ ምረጡ» ይላል። የመጀመሪያው ሙግት እውነት ቢሆን አቡነ ጴጥሮስም ለግራዚያኒ ማደር ነበረባቸው፤ እሱም በጊዜው የተሾመ ገዢ ነበርና። ሁለተኛው እውነት ቢሆን ጳውሎስ ስለ ኔሮን ባልጸለየ፤ የእምነቱ ልጅ አልነበረምና።

ጸሎት ስለ መሪው ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ልመና ነው፤ ልቡ እንዲቀና፣ ፍርዱ እንዲስተካከል። ድምፅ ደግሞ ዜጋው ራሱ የሚጠየቅበት ሥራ ነው፤ ማን ፍትሕ ያደርጋል፣ ማን ደም አያፈስም ብሎ መርምሮ የሚወስነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም። ጸልዮ ሳይመረምር የመረጠ ሰው ሥራውን በእግዚአብሔር ላይ ጥሏል። መርጦ መጸለይ የተወም አለ፤ እሱ መሪውን ለብቻው ትቶታል።

ፈተናው የሚመጣው ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ነው። ያልመረጡት ሰው ሲያሸንፍ ስሙን በጸሎት ማንሳት ይከብዳል። የመረጡት ሰው አሸንፎ ሲያጠፋ ደግሞ «ተው» ማለት ከዚያ ይብሳል። ጳውሎስ ያዘዘው የመጀመሪያውን ነው። አቡነ ጴጥሮስ በደማቸው ያሳዩት ደግሞ ለገዢ የሚጸልይ አፍ ለገዢ እምቢ ማለትም እንደሚችል ነው።