«ስንት ዓመት ይፈረድበታል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቴ ከመሸ በሬን አንኳኳች። የ16 ዓመት ልጇ ተደፍራለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ያውቃሉ፤ ስንት ዓመት ይፈረድበታል?» አለችኝ። እኔ ደግሞ መልሼ መቼ እንደተፈጸመ ጠየቅኋት። አራተኛ ቀኑ ነበር። ልጅቷ ልብሷን አጥባለች፣ ሐኪምም አላያትም። ሁለቱን ቀን የልጁ ወገኖች ሽማግሌ ልከው «ካሳ እንክፈል፣ ነገሩ በቤት ይለቅ» ሲሉ አለፈ። በሦስተኛው ቀን እናትና ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ ተረኛው «ሰኞ ኑ» ብሎ መለሳቸው።

ለጥያቄዋ መልስ ነበረኝ። በሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መሠረት የመድፈር ወንጀል ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ደግሞ ጣሪያው ወደ 20 ዓመት ከፍ ይላል። ድርጊቱ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እስራት ነው። ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ የሚፈጸመውን አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይቀጣል።

ይህ ቀላል የሕግ ለውጥ አይደለም። እኔ ስድስት ኪሎ ሕግ ስማር የምናጠናው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ጠላፊው ወይም ደፋሪው ተጎጂዋን «በነፃ ፈቃዷ» ካገባት ክሱ ይቀራል። ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ በጠላፊዋ ቤት የተቀመጠች ልጅ ነፃ ፈቃድ ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይህን ጥያቄ አንስቶ ብዙ ታግሏል። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በሩን ዘጋው፤ አንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት እየቀጣ፣ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ይደነግጋል።

ሕጉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። አንቀጽ 620 የሚናገረው ከጋብቻ ውጪ ስለሚፈጸም ድርጊት ነው፤ ባል ሚስቱን አስገድዶ ሲደፍር ይህ አንቀጽ አይደርስለትም። ያም ሆኖ እንደ እኔ እምነት ትልቁ ጉድለት ያለው በቅጣቱ ልክ ላይ አይደለም። አንድ ዘግናኝ ወንጀል በተሰማ ቁጥር ቅጣቱ ይክበድ የሚል ጩኸት እንሰማለን። ጩኸቱ ተገቢ ቢሆንም የተጎጂዋን ዕጣ የሚወስኑት ግን በአመዛኙ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው።

ምክንያቱን በአጭሩ ላስረዳ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ከዚያም ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሰጥ ቢችልም በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። በሰውነትና በልብስ ላይ ያለው ማስረጃ በየሰዓቱ ይጠፋል። ስለዚህ ተጎጂዋ ከመታጠቧ በፊት ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ ልብሷም ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። እርግዝና ከተከሰተም አንቀጽ 551 እና 552 ፅንሱን በሕክምና ተቋም እንድታቋርጥ ይፈቅዱላታል፤ እርግዝናው የመጣው በመደፈር መሆኑን ለማስረዳት የራሷ ቃል ይበቃል። የፍርድ ቤት ውሳኔ እስኪመጣ ጠብቂ የሚል ካለ ሕጉን አላነበበም።

መንግሥት በዚህ ረገድ የሠራው ሥራ አለ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ያለ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ ፖሊሱንና ዓቃቤ ሕጉን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኛል። ዓላማው ተጎጂዋ የደረሰባትን በየቢሮው ደጋግማ እንዳትናገር ነው። በልደታ ፍርድ ቤት ሕፃናት ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ሳይተያዩ በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ የሚመሰክሩበት አሠራር ተዘርግቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን በግልጽ ከልክሏል።

ችግሩ እዚያ ደጃፍ የሚደርሱት ጥቂቶች መሆናቸው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 10 በመቶው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል 66 በመቶው ደግሞ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም።

ብትናገርስ የት ታድራለች? ጥቃቱን የፈጸመው አባት፣ እንጀራ አባት ወይም አሠሪ ሲሆን መጠለያ የግድ ነው። ይህን ሸክም በአብዛኛው የተሸከሙት እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ አገር በቀል ድርጅቶች ናቸው። መንግሥት ግን በ2001 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ 621 በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። በዚህም ለተጎጂዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ክፉኛ ተዳክሟል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ቢሻርም የባከኑት አሥር ዓመታት አይመለሱም።

ካሳም አለ። በ1993 ዓ.ም. በ13 ዓመቷ የተጠለፈች ልጅ ጉዳይ ላይ የሥር ፍርድ ቤት ያሳለፈው የጥፋተኝነት ውሳኔ በይግባኝ ተሻረ። ጉዳዩ ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሚሽኑ መንግሥት 150 ሺሕ ዶላር እንዲከፍላት ወሰነ። ሆኖም ካሳ ለመጠየቅ ባንጁል ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ተጎጂ የካሳ ጥያቄዋን ከወንጀሉ ክስ ጋር እንድታቀርብ ይፈቅዳል። ይህን ለተጎጂዋ የሚነግራት ግን ከስንት አንድ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት ጉድለቱን አጉልቶ አሳይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ የምርመራ ሪፖርት፣ ወሲባዊ ጥቃት በተፋላሚ ወገኖች ሁሉ መፈጸሙን አረጋግጠዋል። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ መንገዱ በተዘጋበት ቦታ 72 ሰዓት ትርጉም አልነበረውም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የፀደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የሚመዘነው ለእነዚህ ሴቶች ሕክምናና ካሳ በማድረሱ ነው።

የምጠይቀው አዲስ አንቀጽ አይደለም። ማንኛውም ፖሊስ ጣቢያ፣ ቅዳሜም ሆነ እሑድ፣ ቃል ከመቀበሉ በፊት ተጎጂዋን ሆስፒታል ያድርስ። ዓቃቤ ሕግ ስለ ካሳ መብቷ ይንገራት። መጠለያ በመንግሥት በጀት ይደገፍ። የመድፈር ወንጀል በሽምግልና እንደማይዘጋ ቀበሌው፣ ዕድሩና የሃይማኖት አባቶች ይናገሩ።

ያን ምሽት እናትና ልጅን ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ በትሕትና ተቀብላ መረመረቻት፤ የኤችአይቪ መከላከያውን ግን ጊዜው አልፏል አለችን። እናትየዋ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ይህን ማን ሊነግረን ይችል ነበር?» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ሊነግሯት ይችሉ ነበር። «ሰኞ ኑ» ያለው ተረኛም ይችል ነበር።