«አዎን» ወይስ «እሺ»? በአንድ የሮማ ግንብ ላይ ስለተጻፈ ቃል

በመጋቢት 1926 ዓ.ም. የኢጣሊያ ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥ በተጠራበት ወቅት፣ በሮማ የፋሺስት ፓርቲ ጽሕፈት ቤት በነበረው በፓላዞ ብራስኪ ግንብ ላይ አንድ ግዙፍ ፖስተር ተዘርግቶ ነበር። በመካከሉ የቤኒቶ ሙሶሊኒ ፊት አፍጥጦ ይታያል። ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች የሞላው «ሲ» የሚለው ቃል ነው። የተወዳዳሪ ስምም ሆነ ምክንያት የሚያስረዳ ዐረፍተ ነገር አይታይበትም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም፣ ይህን ፖስተር ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ሲ»ን ምን እንለዋለን? የኢጣሊያንኛው ቃል ለማረጋገጥም፣ ፈቃደኝነትን ለመግለጥም ያገለግላል። አማርኛ ግን ሁለቱን ይለያል። «ዝናብ ዘነበ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ «አዎን» ይባላል፤ «ውሃ አምጣ» ብሎ ለሚያዝ «እሺ» ይባላል። «አዎን» ባይ ያየውን ይመሰክራል፤ ካላየም «አይ» የማለት መንገድ አለው። «እሺ» ባይ ፈቃዱን ለአዛዡ ያስረክባል። ስለሆነም ትርጉሙን የሚወስነው ፖስተሩ የተሰቀለበት ሥርዓት ነው።

በ1920 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት የ400 እጩዎችን አንድ ወጥ ዝርዝር የሚያጸድቀው የፋሺስት ታላቁ ምክር ቤት ነበር። መራጩ (ሴቶች አይመርጡም ነበር) ዝርዝሩን በጠቅላላው ይቀበላል ወይም ይጥላል እንጂ አንድ ስም እንኳ ሊለውጥ አይችልም። ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፤ የ«ሲ»ው የሰንደቅ ዓላማውን ሦስት ቀለማት የያዘ፣ የ«ኖ»ው ግን ነጭ ነው። ወረቀቱ ራሱ ፖስተር ሆኗል ማለት ይቻላል። በመጋቢት 1921 ዓ.ም. 136,000 ያህል ሰዎች «ኖ» ብለው ነበር፤ በ1926 ዓ.ም. ከተሰጠው ከ10 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ውስጥ «ኖ» ያለው 15,000 ያህል ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ይኸው መንግሥት ጦሩን መረብን አሻግሮ አገራችንን ወረረ። ስለ ወረራው ግን የኢጣሊያ ሕዝብ «ሲ» ወይም «ኖ» እንዲል አልተጠየቀም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት የግንቡ ቃል «እሺ» ነው።

ከዚህ የሚከተል የስያሜ ችግርም አለ። «ምርጫ» ማለት ከብዙ መካከል የወደዱትን ለይቶ መውሰድ ነው። ሕዝቡም «ምርጫ የለኝም» ሲል አማራጭ ማጣቱን መናገሩ ነው። በዚህ አነጋገር የሮማው መራጭ በምርጫው ቀን ምርጫ አልነበረውም። «የምርጫ ቅስቀሳ» የሚለውም እንዲሁ ያስቸግራል። «ቀሰቀሰ» የተኛን አነቃ ማለት ሲሆን፣ ያ ፊት ግን አላፊ አግዳሚውን እየተመለከትሁህ ነው ይለዋል እንጂ ማንንም አያነቃም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ «ፕሮፓጋንዳ» የሚለውን የውሰት ቃል እንዳለ መያዝ ይሻላል።

የጀርመኑ ምሳሌ ለተርጓሚ ሌላ ወጥመድ አለበት። ሚያዝያ 2 ቀን 1930 ዓ.ም. ኦስትሪያ ከጀርመን ጋር የመዋሃዷን ነገር ለማጽደቅ በተሰጠው ድምፅ፣ በወረቀቱ ላይ የ«ያ» ክብ ትልቅ፣ የ«ናይን» ክብ ትንሽ ሆኖ ታትሞ ነበር። የውሕደቱ ጥያቄና የሂትለር የእጩዎች ዝርዝር በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለተቋጠሩ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ጥያቄው መራጩን የሚጠራው በአክብሮት አይደለም፤ «አንተ» ይለዋል። እዚህ ላይ ተርጓሚው ይሉኝታ ይዞት «እርስዎ» ቢል ሰነዱን ያበላሸዋል።

በመዝገበ ቃላት ሥራ ለእነዚህ ሁሉ «ምርጫ» ወይም «ሕዝበ ውሳኔ» የሚል አንድ ፍቺ መስጠት አይበቃም። ውሳኔው አስቀድሞ ያለቀበትን ድምፅ «የማጽደቂያ ድምፅ» ብለን ለብቻው እንድንመዘግበው ሐሳብ እናቀርባለን። በ«እሺ» ሥርም የፓላዞ ብራስኪ ፖስተር በምሳሌነት ቢጠቀስ ተገቢ ይሆናል።