«ከማን ጋር ተዋጋ?»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ መስተዋድድ ታሪክ



የመመረቂያ ጽሑፍ ሳርም በየጊዜው የሚያጋጥመኝ አንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አለ፤ እንግሊዞች ከኢትዮጵያውያን ጋር ተዋጉ የሚል፣ «ፋይት» ከሚለው ግሥ ቀጥሎ «ዊዝ» የገባበት። ዓመተ ምሕረቱ ካልተጠቀሰ ይህ ዐረፍተ ነገር ሁለት ታሪክ ይሆናል። በ1860 ዓ.ም. ከሆነ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ወጋ፤ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁት በዚያ ዕለት ነው። በ1933 ዓ.ም. ከሆነ ግን የዊንጌት የጌዴዎን ጦር ከጎጃም አርበኞች ጎን ተሰልፎ ጣሊያንን ወጋ። መስተዋድዱ ያው ነው፤ ጠላትና ወዳጅ ግን ቦታ ተለዋውጠዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ላይ መጫን አይገባም። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ዊዝ» በዋናነት የሚያመለክተው ተቃርኖን፣ ፊት ለፊት መቆምን ነበር። አብሮነትን የሚገልጸው «ሚድ» የተባለ ሌላ ቃል ነው፤ የጀርመንኛው «ሚት» ዘመድ። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ባሉት ክፍለ ዘመናት «ዊዝ» የ«ሚድ»ን ሥራ ቀስ በቀስ ወረሰ፤ «ሚድ»ም ከመነጋገሪያ ጠፋ። ዛሬ ቅሪቱ የሚገኘው አዋላጅን በሚጠራው «ሚድዋይፍ» ውስጥ ነው፤ ከወላዷ ጋር ያለች ሴት ማለት ነው። የ«ዊዝ» የቀድሞ ባላንጣነትም ፈጽሞ አልሞተም፤ መቋቋም በሚለው «ዊዝስታንድ» ውስጥ፣ እንዲሁም መዋጋትንና መጨቃጨቅን ከሚገልጹ ግሦች ኋላ አድፍጦ ይኖራል።

አማርኛችንም ከዚህ ነጻ አይደለም። «ከጣሊያን ጋር ተዋጋ» ስንል ጣሊያን ጠላት መሆኑን ሰሚው ያውቃል፤ አብሮ መሰለፍን ስንሻ «ጎን ለጎን» ወይም «አብሮ» እንላለን። ይህ የጋራ ዕውቀት ግን ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ባሕር አይሻገርም። እኔ ራሴ በዶክትሬት ጥናቴ ረቂቅ ላይ ስለ አንድ የጦር አዝማች እንዲሁ በ«ዊዝ» ብጽፍ፣ አማካሪዬ በኅዳጉ ላይ «ለየትኛው ወገን?» የሚል ጥያቄ አሰፈሩበት። ተቆጣሁ፤ ለእኔ ግልጽ ነበርና። ደግሜ ሳነበው ግን አርበኛውን ባንዳ ላደርገው አንድ መስተዋድድ ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ስለዚህ በራሳችሁ ድርሰት ለተቃራኒ «አጌንስት»ን፣ ለአጋር «አሎንግሳይድ»ን ጻፉ። የቆየ ሰነድ ስትገለብጡ ግን «ዊዝ»ን እንዳለ ተዉት፤ ጸሐፊው የቱን ማለቱ እንደሆነ ከቀኑና ከሌሎች ምስክሮች አመሳክራችሁ፣ ፍርዳችሁን በግርጌ ማስታወሻ አስፍሩ።