ያልተመዘገበችው እናት፦ ጉፒ ዓሣን በቤት ውስጥ መርጦ የማራባት ታሪክ



የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታትና ስለ ውሎች ይናገራል ተብሎ በሚጠበቅበት መድረክ ላይ፣ እኔ ዛሬ ከጣት የማይበልጥ ዓሣ ይዤ መቅረቤ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ጉፒ የሚባለውን ይህን ዓሣ አንዳንዶቻችሁ በሆቴል መግቢያ ወይም በወዳጅ ሳሎን፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ሰፊ ጅራቱን እያውለበለበ አይታችሁት ይሆናል። ያ ጅራት ከወንዝ የመጣ አይደለም፤ ሰዎች በየቤታቸው ለአሥርተ ዓመታት መርጠው በማራባት ያወጡት ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ምርጫ ታሪክ ነው። የማስረዳውም ነጥብ አንድ ነው፦ መራጮቹ ዓይናቸውን የተከሉት በአባት ላይ ነበር፤ የዘሩ ዕጣ ግን የእናትም ጭምር ነበረ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከስሙ ልጀምር። በ1859 ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ፔተርስ ከቬኔዝዌላ፣ ከካራካስ አካባቢ የተላከለትን ዓሣ መርምሮ ፖኤሲሊያ ሬቲኩላታ ብሎ ሰየመው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1866፣ በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ሊቅ የነበረው አልበርት ጉንተር ከትሪኒዳድ ደሴት የደረሰውን ዓሣ አዲስ ዝርያ መስሎት፣ ናሙናውን በላከለት በሮበርት ጆን ሌችሜር ጉፒ ስም ጠራው። ሁለቱ አንድ ዝርያ መሆናቸው ኋላ ታወቀ። የሳይንስ ሕግ ለቀዳሚው ስለሚፈርድ ፔተርስ የሰጠው ስም ጸና፤ የሕዝብ አንደበት ግን የጉፒን ስም አልለቅም አለ። ዓሣው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከነሕይወቱ ወደ አውሮፓ ተጓዘና በዓሣ ወዳጆች ቤት ገባ።

ለምን ይህ ዓሣ ተመረጠ? መልሱ በአኗኗሩ ላይ ነው። ጉፒ እንቁላል አይጥልም፤ ሴቴዋ አራት ሳምንት ገደማ አርግዛ የሚዋኙ ልጆች ትወልዳለች። ልጆቹም በሁለትና በሦስት ወር ዕድሜ ለመራባት ይደርሳሉ። ከብት የሚያረባ ሰው በዕድሜው ጥቂት ትውልዶችን ብቻ ያያል፤ የጉፒ አርቢ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ያህል ትውልዶችን ያያል። የሚያስፈልገው ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ምግብና የመስኮት ሥር ቦታ ነው። ከዚህም በላይ ወንዴው ባለ ብዙ ቀለም ነው፤ በወንዝ ከሚገኙት ወንዴዎች መካከል በነጥባቸው አቀማመጥ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ማግኘት ያስቸግራል። ሴቴዋ በአካል ከእርሱ ትበልጣለች፤ መልኳ ግን ደብዛዛ አመድማ ነው። የመራጩ ዓይን ወዴት እንደሚሄድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሳይንሱም የጀመረው ከወንዴው ነው። ዴንማርካዊው ዮሐንስ ሽሚት በዓለም የሚታወቀው የአውሮፓ ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ የሚራባበትን የባሕር ሥፍራ ፍለጋ ባደረገው ረጅም ጉዞ ነው። በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ግን ጉፒም ያራባ ነበር። በ1920 ባሳተመው ጥናት በጀርባ ክንፉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ወንዴ ነጥቡን ለወንዶች ልጆቹ ሁሉ እንደሚያወርስ፣ በሴቶች ልጆቹ በኩል ግን እንደማይተላለፍ አሳየ። ነገሩ የእኛን አጠራር ይመስላል፤ የአባት ስም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የእናት ስም በመዝገቡ ላይ አይታይም። የአገሩ ሰው ኦይቪንድ ቪንገ በ1922 ምክንያቱን አስረዳ፦ ነጥቡን የሚያወጣው ዘረመል የሚገኘው ወንዶች ብቻ በሚይዙት ዋይ ክሮሞሶም ላይ ነው። በ1927 ደግሞ አሥራ ስምንት ዘረመሎች የሚገኙበትን ሥፍራ ለይቶ አሳተመ። ጉፒ በዘረመል ጥናት ታሪክ ስሙን ያስጻፈው በዚህ ነው።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል የአገራችን ሰው። የቤት አርቢዎች ከዚህ ሁሉ የወሰዱት ትምህርት ይህንኑ ነበር፤ ልጁን የፈለገ አባቱን ይምረጥ። በ1950ዎቹ የኒው ዮርኩ ፖል ሄኔል እንደ መጋረጃ የተዘረጋ ጅራት ባላቸው ጉፒዎቹ ዝነኛ ሆነ። የቤት አርቢዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ውድድሮች ተካሄዱ፤ ዳኞች ጅራትን እየለኩ፣ ቀለምን እየመዘኑ ነጥብ ሰጡ።

የሥራው ምሥጢር ግን ከወንዴው ጅራት ይልቅ ሴቴዋን በመጠበቅ ላይ ነው። ሴቴ ጉፒ ከአንድ ግንኙነት ያገኘችውን ዘር በሆዷ አቆይታ ለወራት ደጋግማ ልትወልድበት ትችላለች። እንግዲህ አርቢው ዛሬ የመረጠላት ወንዴ፣ ነገ ለሚወለዱት ልጆች አባት መሆኑን በምን ያውቃል? ብቸኛው ዋስትና ፆታቸው እንደተለየ፣ በጥቂት ሳምንታት ዕድሜያቸው፣ ወንዶቹንና ሴቶቹን በየገንዳቸው መለየት ነው። ሌላም አለ። ቀለምንና የጅራትን ቅርጽ የሚወስኑት ዘረመሎች ሁሉ በዋይ ክሮሞሶም ላይ አይደሉም፤ ብዙዎቹ እናትም በምታወርሳቸው ክሮሞሶሞች ላይ ይገኛሉ። እርሷ ራሷ ግን አታሳያቸውም። ተመራማሪዎች ለሴቴዎች የወንዴ ሆርሞን ሲሰጧቸው ተደብቆ የነበረው ቀለም በአካላቸው ላይ ወጣ። ደብዛዛዋ እናት ለካ ቀለሙን ይዛው ኖራለች።

ይህን ከመጻሕፍት ብቻ አልተማርኩትም። የዶክትሬት ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ጅራታቸው ቀላ ያለ ጥቂት ጉፒዎች ገዝቼ ነበር። ቅላቱን ላጎላ ቆርጬ ተነሣሁ። ከእያንዳንዱ ትውልድ እጅግ ቀዩን ወንዴ እየመረጥኩ ከእኅቶቹ ጋር አኖር ነበር። ደብተርም ነበረኝ፤ የወንዴዎቹን መልክ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ የሴቴዎቹን ዓምድ ባዶውን እተወዋለሁ። እስከ አራተኛው ትውልድ ቅላቱ ጨመረ። ከዚያ በኋላ የሚወለዱት ቁጥራቸው አነሰ፤ ጀርባቸው የጎበጠ ታየ፤ ያደጉትም ቶሎ ቶሎ ሞቱ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከገጠር ልትጠይቀኝ መጣች። በገንዳው ፊት አስቀምጬ የወንዴዎቹን የዘር ሐረግ ቆጠርኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «የአባታቸውንስ ነገርኸኝ፤ እናታቸው የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። ከዚያው ቤት ናት አልኋት። «ታዲያ ልጄ፣ ሰባት ቤት ሳትቆጥር ነው የዳርሃቸው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ዘሩ ግን ዓመት ሳይሞላው ጠፋ። ደብተሩ ዛሬም አለኝ፤ ለምን እንደጠፋ ሊነግረኝ የሚችለው ዓምድ ባዶ ነው።

ልምድ ያላቸው አርቢዎች የቅርብ ዘመድን ማዳቀል ጨርሶ አይተዉም፤ የፈለጉትን መልክ የሚያጸኑት በእርሱ ነውና። ግን ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት ወይም ሦስት መስመሮችን ለየብቻ ያኖራሉ፤ ጉልበቱ ሲደክም አንዱን ከሌላው ያገናኛሉ። ይህም የሚሆነው የእናቶቹ ሐረግ ከተጻፈ ነው።

ወንዙስ እንዴት ይመርጣል? ጆን ኤንድለር በ1976 ከትሪኒዳድ አሪፖ ወንዝ፣ ጉፒ የሚበሉ ትልልቅ ዓሦች ከሚኖሩበት ሥፍራ፣ ጉፒዎችን አንሥቶ እነዚያ አዳኞች ወደሌሉበት ገባር አዛወረ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የወንዴዎቹ ቀለም ደመቀ። በሰው ሠራሽ ኩሬዎች ባደረገው ሙከራ ደግሞ፣ አዳኝ በገባበት ኩሬ የወንዴዎቹ ነጥቦች እየቀነሱ ሄዱ። ከዝውውሩ 11 ዓመት በኋላ ዴቪድ ሬዝኒክና ባልደረቦቹ የተዛወሩትን ልጆች ሲመረምሩ፣ ዘግይተው የሚደርሱ፣ ቁጥራቸው አነስ፣ አካላቸው ተለቅ ያሉ ልጆች የሚወልዱ ሆነው አገኟቸው፤ ውጤቱም በ1990 ታተመ። በወንዝ ሴቴዋ ደማቁን ወንዴ ስትመርጥ አዳኙም ያንኑ ይመርጣል። የቤት አርቢው አዳኙን አስወገደ፤ የሴቴዋንም ምርጫ በራሱ ምርጫ ተካ። ስለዚህ ለመዋኘት የሚከብድ ጅራት በገንዳ ውስጥ ሽልማት ያስገኛል፤ በወንዝ ቢሆን ባለቤቱን ያስበላ ነበር።

ወንዙን የተካ ሰው የወንዙን ኃላፊነት ይወስዳል። የመረጠውን ብቻ ሳይሆን ያልመረጠውንም ሊጽፍ ይገባዋል። የተረፉትን ዓሦች ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ አለመጣልም የዚሁ ኃላፊነት አካል ነው፤ ጉፒ በብዙ አገሮች በእንግድነት ገብቶ ባለ አገሩን ዓሣ ተጋፍቷልና።

ለእናንተ ለታሪክ ተማሪዎች የምተወው አደራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የምናነብባቸው የዘር ሐረጎችና መዝገቦች በአብዛኛው ደማቁን ብቻ የጻፉ ደብተሮች ናቸው። አንድ ቤት፣ አንድ ሙያ ወይም አንድ መንደር ለምን እንደጠፋ ስትጠይቁ፣ በተጻፈው ዓምድ ብቻ አትርኩ። እናቴ እንደጠየቀችኝ ጠይቁ።