የባቲ ዜማና የሴት ልጅ ቃል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሸዋን ደጋ ወርዶ፣ የሰንበቴን ገበያና የከሚሴን ከተማ አልፎ፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ መንገደኛ፣ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ ሲያመራ ባቲን ያገኛታል። ከሚሴን መቀመጫው ባደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትገኘው ይህች ከተማ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ገበያዋ የታወቀች ናት፤ አፋሩ ግመሉን እየነዳ፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ፣ ኦሮሞው ከብቱን ይዞ ይገናኙባታል፤ ሻጭና ሸማችም በሦስት ልሳን ይከራከሩባታል። ስሟን ግን ግመልም ጨውም ወደማይደርስበት አገር ያደረሰላት፣ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዐበይት ቅኝቶች አንዱ በእርሷ ስም መጠራቱ ነው።

ባቲ የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆን የዘፈንም ስም ነው፤ የዘፈኑም ነገር ፍቅር ነው። በተለመደው አዘፋፈን ወንዱ ተናጋሪ፣ ሴቲቱ የሚነገርላት ትሆናለች፤ ዐይኗ፣ አንገቷ፣ አረማመዷ በተራ ይወደሳል፤ እርሱ ስለ እርሷ አገር ያቋርጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ እርሷ ግን ናፍቆቱን ትጋራው እንደሆነ ወይም ትንቀው እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። ይህ የባቲ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በብዙው የአገራችን የፍቅር ዘፈን የጸና ሥርዓት ነው፤ ወንድ ይለምናል፣ ሴት ታፍራለች፣ እሺታዋንም ወላጅና ሽማግሌ ይናገሩላታል፤ በቤትና በአደባባይ የነበረው ሥርዓትም ይኸው ነበር።

ይህን ሥርዓት በዜማ በኩል ያናወጸው ክራር ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ዐሥር አውታር ያለው በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ በመኳንንትና በካህናት ቤት ሲከበር፣ ክራር ግን ለፍትወት የሚያነሣሣ የሰይጣን መሣሪያ ነው እየተባለ ይነቀፍ ነበር፤ ማሲንቆውን ወንዱ አዝማሪ ሲይዘው፣ ይህን የተነቀፈ መሣሪያ እነ ሜሪ አርምዴና እነ አስናቀች ወርቁ አንሥተው ታቀፉት። ክራሩን ከትዝታ ሙሉ ቤት ወደ ባቲ የሚያዛውር ሰው ጣቶቹን ቢመለከቱት፣ አንደኛውና አራተኛው ድምፅ ባሉበት ጸንተው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ከፍ ይላሉ፤ ሦስተኛው ለሁለተኛው እጅግ ይቀርበዋል፣ አምስተኛውም ከላይኛው መነሻ ደጃፍ ላይ ይቆማል። መቅረብና አለመድረስ፣ እርሱም የናፍቆት ባሕርይ የሆነው፣ ገና ግጥም ሳይገባበት በቅኝቱ ውስጥ አለ።

የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ቢሆን፣ ለብዙ ዘመን በቴአትር የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ፤ የሴት ፍቅር፣ የሴት እንባ፣ የሴት ቅናት እንኳ በወንድ አፍ ይነገር ነበር። አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ መድረክ ወጥታ የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ለመባል በቃች፤ እንዲህ ያለችው ሴት በዚያ ዘመን ከጭብጨባው ጋር አዝማሪ የሚለውን የንቀት ስም አብራ መሸከም ነበረባት። ከማሲንቆው ሊቅ ከጌታመሳይ አበበ ጋር በግጥም እየተመላለሰች ስትጫወት፣ ወንዱ የጀመረውን ነገር ሴቲቱ ትመልሳለች፤ ትወቅሳለች፣ ትጠይቃለች፣ ፈቃዷን በገዛ አፏ ትናገራለች። በ1960ዎቹ የተቀረጹት ዘፈኖቿ ኋላ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ኅትመት 16ኛ ቅጽ ሆነው በዓለም ተሰሙ፤ እርሷም በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፈች።

ሴት ናፍቆቷን በአደባባይ መናገሯን ነውር ያደረጉ ሰዎች መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ዘንግተውታል ብዬ አምናለሁ። በዚያ መጽሐፍ ከአርእስቱ ቀጥሎ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል የሴቲቱ ነው፤ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ቢተረጉሙትም፣ ለዚያ ታላቅ ምሥጢር የተመረጠው አንደበት የምትናፍቅ ሴት አንደበት ነው። በወሎ እስላሞች ዘንድም መንዙማው ለነቢዩ ያለውን ፍቅር በናፍቆት ቃል ይገልጸዋል፤ ናፍቆትን ከነውር የቆጠረው የለም። እንግዲህ ለምእመን የተፈቀደው ቃል ለሴት ልጅ ብቻ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ወሎ ያፈራቻት ማሪቱ ለገሰ ከላሊበላ የኪነት ቡድን ወጥታ የአገሯን ቅኝቶች በድምፅዋ ስታነሣ፣ ለወንድ አንደበት የተበጀው ዜማ ባለቤቱን ይለውጣል፤ ሲወደስ የኖረው ዐይን ራሱ ማየት ይጀምራል፤ መረዋ ድምፅዋ ቃሉን ሲያስረዝም፣ ከኋላዋ ያሉት ወንዶች መሣሪያቸውን ይዘው እስክትጨርስ ይጠብቃሉ፤ መቼ እንደሚገቡም የምትወስነው እርሷ ናት።