የርቀት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር

የርቀት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር፣ ተጠቃሚው በኢንተርኔት አማካይነት ሌላ ቦታ ያለን ኮምፒውተር ወይም ስልክ ገጽ እያየ፣ ፋይል እየከፈተና ትእዛዝ እየሰጠ እንዲሠራበት የሚያስችል ፕሮግራም ሲሆን፣ ቲምቪወርና ኤኒዴስክ በሰፊው ይታወቃሉ። መለያው፣ ማለትም የተጠቃሚ ስሙና የይለፍ ቃሉ፣ በሌላ ሰው እጅ ከገባ ኮምፒውተሩ እንግዳውን ከባለቤቱ ለይቶ ስለማያውቅ፣ የተረሳ መለያ ከፕሮግራሙ ጉድለት ያላነሰ አደጋ ነው። የለንደኑ ሃክኒ ወረዳ ምክር ቤት በኦክቶበር 2020 (እ.ኤ.አ.) በርቀት ሲጠቃ፣ ሰርጎ ገቦቹ ሥራ ላይ ያልነበረ፣ ግን ያልተዘጋና የይለፍ ቃሉ ከተጠቃሚ ስሙ ጋር አንድ የሆነ መለያ ተጠቅመው 440,000 ፋይሎችን በምስጢር ኮድ ቆለፉ። ቢያንስ 280,000 ነዋሪዎች የተጎዱ ሲሆን፣ የተሟላ አገልግሎት እስከ 2022 ሳይመለስ ቆይቷል፤ የብሪታኒያ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤትም በጁላይ 2024 ምክር ቤቱን በይፋ ገሥጿል።